አውቶኮሚትን መቆጣጠር፦ ዳታቤዛችሁ ሳትፈቅዱለት ኮሚት እንዳያደርግ

ኮሚት ማለት ለውጥን ማጽናት፣ ሮልባክ ያልጸናን ለውጥ መመለስ፣ አውቶኮሚት ደግሞ ዳታቤዙ ሳይጠየቅ ኮሚት ማድረጉ ነው። ከዳታቤዝ ተጠቃሚዎች ሁለት አይነት አቤቱታ በተደጋጋሚ ይመጣል። አንዱ «ሮልባክ ብዬ ነበር፤ ዳታው ግን አልተመለሰም» የሚል ነው። ሌላው ተቃራኒው ነው፦ «መቶ ረድፍ አስገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዘግቼ ስከፍተው ግን የለም።» የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ሰውየው ሥራ የጀመረው አውቶኮሚት በርቶ ይሁን ጠፍቶ ሳያጣራ ነው።

አውቶኮሚት ሲበራ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸና ወይም የሚመለስ ሥራ) ነው። ያለ ስህተት እንዳለቀ ወዲያው ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ሮልባክ ቢሉት የሚመለስ ነገር የለም። ሲጠፋ ደግሞ ኮሚት እስክትሉ ድረስ ምንም አይጸናም። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ምርጫ የሚያዘው በእያንዳንዱ ኮኔክሽን (ከሰርቨሩ ጋር በተከፈተ ግንኙነት) ነው። አንዱ ተርሚናል ላይ ያጠፋችሁት ሌላው ላይ በርቶ ይቀጥላል። ኮኔክሽኑ ተቋርጦ እንደገና ሲገናኝም ወደ መነሻው ይመለሳል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ስትከተሉ ይህችን ነገር አትርሱ።

መመሪያው በዋናነት ለማይኤስኪውኤልና ለማሪያዲቢ ነው። የፖስትግሬስ፣ የኦራክልና የኤስኪውኤል ሰርቨር ልዩነት ደረጃ 7 ላይ አለ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ባክአፕ ያዙ። ሮልባክ ባክአፕን አይተካም። ኮሚት ከተባለ በኋላ የሚያድናችሁ ባክአፕ ብቻ ነው። ባክአፕ መውሰጃ በሆነው ማይኤስኪውኤልደምፕ የምትወስዱ ከሆነ «--ሲንግል-ትራንዛክሽን» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት፤ ሌሎች ሰዎች እየሠሩ ሳለ እንኳ የኢኖዲቢ ቴብሎችን (ምን እንደሆኑ ደረጃ 2 ላይ ይመጣል) የአንድ ቅጽበት መልክ ይዞ ይወጣል።

ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። ሁለቱም ከአንዱ ዳታቤዝ ጋር ይገናኙ። አንዱን ተርሚናል ሀ፣ ሌላውን ተርሚናል ለ እንበላቸው። ኮሚት መደረጉን በእርግጠኝነት የምታዩት ከሌላ ኮኔክሽን ነው። ሥራውን የሠራው ተርሚናል የራሱን ለውጥ ኮሚት ሳይደረግም ያየዋል፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ማየት ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ በሙከራ ዳታቤዝ ላይ ተለማመዱ። ፕሮዳክሽን (ሰው የሚጠቀምበት እውነተኛው ዳታቤዝ) ላይ መማር አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

በየትኛው ፕሮግራም እንደምትሠሩ እወቁ። ዲቢቨርም ሆነ ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች የራሳቸው የአውቶኮሚት ቁልፍ አላቸው። እነሱ ላይ ስትሠሩ በቁልፉ ተጠቀሙ። በቁልፉ አብርታችሁ በትእዛዝ ብታጠፉት ፕሮግራሙ የሚያሳያችሁና ሰርቨሩ የሚያደርገው ሊለያይ ይችላል። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ «ጎ» የሚለውን ስትጫኑ አዲስ ኮኔክሽን ነው የሚከፈተው። ስለዚህ አንዴ ስታርት ትራንዛክሽን ብላችሁ በሚቀጥለው ገጽ ሮልባክ ብትሉ ሁለቱ አይተዋወቁም። እዚያ ላይ ትራንዛክሽን መሞከር ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን በአንድ ሳጥን ጽፋችሁ በአንድ ጊዜ ላኩት። እኔ ግን ለእንዲህ አይነት ሥራ ተርሚናሉን እመርጣለሁ።

## ደረጃ 1፦ አሁን ያላችሁበትን ሁኔታ እዩ

ተርሚናል ሀ ላይ ይህን ጻፉ፦

> ሰሌክት @@አውቶኮሚት;

መልሱ 1 ከሆነ በርቷል፤ 0 ከሆነ ጠፍቷል። በማይኤስኪውኤል መነሻው 1 ነው። ተርሚናል ለ ላይም ይህንኑ ጠይቁ። መልሱ ከተለያየ አትደንግጡ፤ የየራሳቸው ነው።

0 ካገኛችሁና እናንተ ካላጠፋችሁት፣ ወይ የሰርቨሩ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ተጽፏል፣ ወይ የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ሲገናኝ ያጠፋዋል። ምክንያቱን ሳታውቁ መልሳችሁ አታብሩት፤ በሱ ላይ የተመሠረተ ሥራ ሊኖር ይችላል።

## ደረጃ 2፦ ቴብሉ ትራንዛክሽን እንደሚችል አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶ ሮልባክ እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው።

> ሾው ቴብል ስታተስ ላይክ 'ሠራተኞች';

«ኢንጂን» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ፤ የቴብሉን ዳታ የሚያስቀምጠው የሰርቨሩ ክፍል ስም ነው። ኢኖዲቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ማይአይሳም ከሆነ አቁሙ። ማይአይሳም ትራንዛክሽን የሚባል ነገር አያውቅም። አውቶኮሚትን ብታጠፉትም ባታጠፉትም እያንዳንዱ ለውጥ ወዲያው ይጸናል። ሮልባክ ስትሉም እሺ ይላችኋል፤ የሚሰጣችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ 1196። ማስጠንቀቂያውን «ሾው ዋርኒንግስ» ካላላችሁ ላታዩት ትችላላችሁ።

ኢኖዲቢ መነሻ ኢንጂን የሆነው ከስሪት 5.5 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየተገለበጠ የመጣ ዳታቤዝ ካላችሁ አንዳንድ ቴብሎቹ ማይአይሳም ሆነው መቅረታቸው የተለመደ ነው። ለመቀየር፦

> ኦልተር ቴብል ሠራተኞች ኢንጂን = ኢኖዲቢ;

ይህ ቴብሉን ከእንደገና ይገነባዋል። ትልቅ ቴብል ከሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ ቴብሉ ላይ የሚጽፉትንም ያስቆማል። ሰው በማይሠራበት ሰዓት አድርጉት።

ሌላም አለ። ሥራችሁ ሁለት ቴብል የሚነካ ከሆነና አንዱ ኢኖዲቢ፣ ሌላው ማይአይሳም ከሆነ፣ ሮልባክ ስትሉ ግማሹ ይመለሳል፣ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ የምትነኩትን ቴብል ሁሉ አንድ በአንድ አረጋግጡ።

## ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ለአንድ ሥራ ብቻ ትራንዛክሽን መክፈት፦

> ስታርት ትራንዛክሽን;
> (ትእዛዞቻችሁ)
> ኮሚት;

እዚህ ላይ አውቶኮሚትን መንካት አያስፈልግም። ስታርት ትራንዛክሽን እስከ ኮሚት ወይም እስከ ሮልባክ ድረስ ያግደዋል። ሥራው ሲያልቅ አውቶኮሚት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሁለተኛው፣ ለኮኔክሽኑ በሙሉ ማጥፋት፦

> ሰት አውቶኮሚት = 0;

ከዚህ በኋላ ኮሚት ወይም ሮልባክ ባላችሁ ቁጥር የሚቀጥለው ትእዛዝ ሌላ ትራንዛክሽን ይከፍታል። ረጅም የጽዳት ሥራ ላላቸው ሰዎች ይመቻል።

ሦስተኛው፣ ለሰርቨሩ በሙሉ ማጥፋት ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ማይኤስኪውኤልዲ» በሚለው ክፍል ሥር «አውቶኮሚት = 0» ብሎ መጻፍ ማለት ነው። ይህን አታድርጉ። በዚያ ሰርቨር ላይ ያለ፣ አውቶኮሚት በርቷል ብሎ የተጻፈ አፕሊኬሽን ሁሉ ኮሚት ሳይል ዳታውን ይጥላል። በዚያ ላይ ረድፎችን ቆልፎ ይቀመጣል። «ሰት ግሎባል አውቶኮሚት = 0» የሚለውም ያው ነው፤ አሁን የተገናኙትን አይነካም፣ ከዚያ በኋላ የሚገናኙትን ግን ይይዛል። ችግሩ ቀስ እያለ ስለሚገለጥ መነሻውን ማግኘት ከባድ ይሆናል።

የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ አንደኛውን ልማድ አድርጉት። ኮኔክሽኑን በሙሉ ስታጠፉት ኮሚት መርሳት ይመጣል። ስታርት ትራንዛክሽን ብሎ የጀመረ ሰው ግን መዝጋት እንዳለበት ያውቃል።

## ደረጃ 4፦ በሁለቱ ተርሚናሎች ፈትኑት

ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እውነተኛውን ቴብል ከመንካታችሁ በፊት አድርጉት።

1. ተርሚናል ሀ ላይ የሙከራ ቴብል ፍጠሩ፦ «ክሪኤት ቴብል ሙከራ (ቁጥር ኢንት) ኢንጂን = ኢኖዲቢ;»
2. እዚያው ሀ ላይ «ስታርት ትራንዛክሽን;» በሉ።
3. «ኢንሰርት ኢንቱ ሙከራ ቫሊውስ (1);» በሉ።
4. ሀ ላይ «ሰሌክት * ፍሮም ሙከራ;» ብላችሁ እዩ። አንድ ረድፍ ይታያል።
5. ለ ላይ ይህንኑ ጠይቁ። ባዶ መሆን አለበት።
6. ሀ ላይ «ሮልባክ;» በሉ። አሁን ሀ ላይም ባዶ ነው።
7. ከ2 ጀምራችሁ ድገሙት፤ በዚህኛው ዙር ግን መጨረሻ ላይ «ኮሚት;» በሉ። አሁን ለ ላይ ረድፉ መታየት አለበት።

ተራ ቁጥር 5 ላይ ረድፉ ከታየ ሀ በትራንዛክሽን ውስጥ አይደለም፣ ወይም ቴብሉ ኢኖዲቢ አይደለም፣ ወይም ለ ያልተጸና ዳታ እንዲያነብ ተፈቅዶለታል። ለመጨረሻው «ሰሌክት @@ትራንዛክሽን_አይሶሌሽን;» ብላችሁ እዩ። መነሻው «ሪፒተብል ሪድ» ነው። «ሪድ አንኮሚትድ» ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ተራ ቁጥር 7 ላይ ካልታየ ለ ራሱ ክፍት ትራንዛክሽን ውስጥ ነው ማለት ነው። ለ ላይ አውቶኮሚት ጠፍቶ ከነበረ፣ በመጀመሪያው ሰሌክት የዚያን ቅጽበት ምስል ይይዛል፤ ሌላው ሰው መቶ ጊዜ ኮሚት ቢያደርግ አያየውም። ለ ላይ «ኮሚት;» በሉና እንደገና ጠይቁ፤ ይመጣል። አውቶኮሚትን ያጠፋ ሰው «ሰርቨሩ አሮጌ ዳታ ይሰጠኛል» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው። ማንበብም ትራንዛክሽን ይከፍታል።

## ደረጃ 5፦ እውነተኛው ሥራ

ምሳሌ እንያዝ። «ሠራተኞች» በሚባል ቴብል ውስጥ ክፍላቸው 7 የሆኑትን ሰዎች አበል ወደ 1500 መቀየር ፈልጋችኋል። ሰዎቹ 12 መሆናቸውን ታውቃላችሁ።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ። «ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም ሠራተኞች ዌር ክፍል = 7;» መልሱ 12 ካልሆነ እዚሁ ቁሙ። የጠበቃችሁትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።
2. «ስታርት ትራንዛክሽን;»
3. በመሃል ሌላ ሰው ረድፎቹን እንዳይቀይርባችሁ ካሰጋችሁ «ሰሌክት * ፍሮም ሠራተኞች ዌር ክፍል = 7 ፎር አፕዴት;» በሉ። እስክትጨርሱ ይቆለፋሉ። ሰው በማይነካው ቴብል ላይ ከሆናችሁ ይህን ዝለሉት።
4. «አፕዴት ሠራተኞች ሰት አበል = 1500 ዌር ክፍል = 7;»
5. ሰርቨሩ የመለሰላችሁን መስመር አንብቡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።
6. በዚያው ተርሚናል «ሰሌክት» ብላችሁ ረድፎቹን በዓይናችሁ እዩ።
7. ትክክል ከሆነ «ኮሚት;»፣ ካልሆነ «ሮልባክ;»። ሻይ ጠጥቼ ልመለስ አይባልም። እናንተ እስክትመለሱ ሌላው ሰው በተቆለፈ ረድፍ ላይ ይጠብቃል።

ተራ ቁጥር 5 ላይ ጠጋ ብለን እንይ። ማይኤስኪውኤል «ሮውስ ማችድ፦ 12 ቼንጅድ፦ 9» ሊላችሁ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። 12ቱም በዌር ተገኝተዋል፤ ሦስቱ ግን አበላቸው ቀድሞውኑ 1500 ስለነበር አልተቀየሩም። ከወረቀታችሁ ጋር የምታስተያዩት «ማችድ» የሚለውን ነው። እዚያ ላይ 3120 የሚል ካያችሁ ዌር የሚለው ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል። ምንም ሌላ ነገር ሳትጽፉ «ሮልባክ;» በሉ። አውቶኮሚት በርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ቁጥር የምታዩት ሁሉም ነገር ካለቀለት በኋላ ነበር።

ተጨማሪ መከላከያ ከፈለጋችሁ ተርሚናሉን ስትከፍቱ «--ሴፍ-አፕዴትስ» በሚለው አማራጭ ክፈቱት። ቁልፍ ዓምድ የሌለበት ዌር፣ ወይም ጭራሽ ዌር የሌለበት አፕዴትና ዲሊት ሲመጣ በስህተት 1175 ይከለክላችኋል። ሊሚት ካለው ግን ያሳልፈዋል።

### ሥራው ረጅም ከሆነ

በየመሃሉ ሴቭፖይንት (የመመለሻ ምልክት) አስቀምጡ፦

> ሴቭፖይንት አንድ;

ቀጣዩ ክፍል ከተበላሸ «ሮልባክ ቱ ሴቭፖይንት አንድ;» በሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ሥራ ይቆያል። ግን ትራንዛክሽኑ ገና ክፍት ነው፤ መጨረሻ ላይ ኮሚት የግድ ነው። «ቱ ሴቭፖይንት» የሚለውን ረስታችሁ ሮልባክ ብቻ ካላችሁ ሁሉም ይሄዳል፣ ሴቭፖይንቶቹም አብረው ይጠፋሉ።

## ደረጃ 6፦ ሳትጠየቁ ኮሚት የሚያደርጉትን ትእዛዞች እወቁ

አውቶኮሚትን አጥፍታችኋል። ስታርት ትራንዛክሽን ብላችኋል። እንዲያም ሆኖ በማይኤስኪውኤል አንዳንድ ትእዛዞች ከነሱ በፊት የነበረውን ሁሉ ኮሚት ያደርጋሉ። ማስጠንቀቂያ የለም።

- ክሪኤት፣ ኦልተር፣ ድሮፕና ሪኔም ቴብል
- ክሪኤት ኢንዴክስ
- ትራንኬት ቴብል። ከዲሊት ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ያታልላል፤ ግን አይመለስም።
- ክሪኤት ዩዘር፣ ግራንት፣ ሪቮክ
- ሎክ ቴብልስ
- ስታርት ትራንዛክሽን ራሱ። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ሁለተኛ ብትከፍቱ የመጀመሪያው ይጸናል። አንዱ ውስጥ ሌላ መክፈት አይቻልም።
- ሰት አውቶኮሚት = 1፣ ጠፍቶ በነበረበት ኮኔክሽን ላይ ከሆነ።

የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው። ሰው ሥራውን ተጠራጥሮ «ወደ ነበረበት ልመልሰው» ብሎ አውቶኮሚትን ያበራል፤ በማብራቱ የተጠራጠረውን ሥራ ያጸናዋል። ስለዚህ ከማብራታችሁ በፊት ሁልጊዜ ኮሚት ወይም ሮልባክ ብላችሁ ጨርሱ።

የሙከራ ግልባጭ ለመያዝ በመሃል ቴብል መፍጠር ካስፈለጋችሁ ከስታርት ትራንዛክሽን በፊት ፍጠሩት። ክሪኤት ቴምፖራሪ ቴብል ግን ኮሚት አያስነሳም፤ ቢሆንም ሮልባክ ሲባል ቴብሉ ራሱ አይጠፋም።

## ደረጃ 7፦ በሌሎቹ ዳታቤዞች

ፖስትግሬስኪውኤል። ሰርቨሩ ላይ አውቶኮሚት የሚባል ማጥፊያ የለም። የሚጠፋው ተርሚናሉ ላይ ነው፦

> \ሰት አውቶኮሚት ኦፍ

አውቶኮሚት የሚለው ቃል በላቲን ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለበት። በትንንሹ ከጻፋችሁት ስህተት ሳይላችሁ ሌላ ተለዋዋጭ ይፈጥራል፤ አውቶኮሚቱም በርቶ ይቀራል። «\ኤኮ :አውቶኮሚት» ብላችሁ አረጋግጡ። ፕሮምፕቱንም (ትእዛዝ ከምትጽፉበት ቦታ በፊት ያለውን ምልክት) እዩ። የኮከብ ምልክት ካለበት ትራንዛክሽን ውስጥ ናችሁ፤ ቃለ አጋኖ ካለበት ትራንዛክሽኑ በስህተት ተበላሽቷል።

ከተበላሸ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ሁሉ አይቀበልም፤ የስህተት ኮዱ 25ፒ02 ነው። «ሮልባክ;» ብላችሁ ከእንደገና ጀምሩ። ኮሚት ብትሉትም «ሮልባክ» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ፤ ይህን ካያችሁ ምንም አልተቀመጠም። አንዲት የፊደል ስህተት የግማሽ ሰዓት ሥራ እንዳታበላሽባችሁ «\ሰት ኦን_ኤረር_ሮልባክ ኢንተራክቲቭ» በሉ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት በድብቅ ሴቭፖይንት ያስቀምጥላችኋል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ፖስትግሬስ ላይ ክሪኤት፣ ኦልተርና ድሮፕ ቴብል በትራንዛክሽን ውስጥ ይሠራሉ፣ ይመለሳሉም። ቫኪዩም (የሞቱ ረድፎችን የሚያጸዳው)፣ ክሪኤት ዳታቤዝና ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ ግን ትራንዛክሽን ውስጥ አይገቡም። አውቶኮሚትን አጥፍታችሁ እነዚህ እምቢ ካሏችሁ ለጊዜው መልሳችሁ አብሩት።

ኦራክል። ተርሚናሉ በሆነው ኤስኪውኤል ፕላስ ላይ አውቶኮሚት ከመነሻው ጠፍቷል። በ«ሾው አውቶኮሚት» ይታያል። ወጥመዱ መውጫው ላይ ነው፦ «ኤግዚት» ስትሉ ያልጨረሳችሁትን ሥራ ኮሚት አድርጎ ይወጣል። ይህን ካልፈለጋችሁ ከ11.2 ጀምሮ «ሰት ኤግዚትኮሚት ኦፍ» አለ። እንደ ማይኤስኪውኤል ሁሉ ክሪኤትና ኦልተር የቀደመውን ሥራ ያጸናሉ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር። መነሻው አውቶኮሚት ነው። ለማጥፋት «ሰት ኢምፕሊሲት_ትራንዛክሽንስ ኦን;» ይባላል፤ ልብ በሉ፣ አውቶኮሚት የሚጠፋው ይህ ሲበራ ነው። ስንት ትራንዛክሽን ክፍት እንደሆነ «ሰሌክት @@ትራንካውንት;» ይነግራችኋል። 2 ካላችሁ አንድ ኮሚት አይበቃም፤ የመጀመሪያው ኮሚት ቁጥሩን ብቻ ይቀንሳል፣ ዳታው የሚጸናው ወደ 0 ሲወርድ ነው። ሮልባክ ግን አንዴ ተብሎ ሁሉንም ይመልሳል። ስክሪፕት ስትጽፉ አናቱ ላይ «ሰት ኤክስአክት_አቦርት ኦን;» ጨምሩ፤ ትእዛዝ በሚሠራበት ጊዜ ስህተት ሲመጣ ሁሉንም ይመልሳል።

## ደረጃ 8፦ ከኮድ ስትሠሩ

የጠፋው ረድፍ አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከፓይተን ነው። የፓይተን የዳታቤዝ ደንብ አውቶኮሚት ከመነሻው ጠፍቶ እንዲጀምር ይላል። ተርሚናሉ ላይ ኮሚት ሳትሉ የለመዳችሁት ሁሉ እዚህ አይሠራም። ከኤክስኪዩት በኋላ በኮኔክሽኑ ላይ «ኮሚት()» ጥሩ። ሳትጠሩ ከዘጋችሁት ሥራው ይመለሳል።

ጃቫ ተቃራኒው ነው። ጃቫ ከዳታቤዝ በሚገናኝበት ጄዲቢሲ ላይ አውቶኮሚት በርቶ ይጀምራል። «ሰትአውቶኮሚት(ፎልስ)» ትላላችሁ፣ ሥራውን ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ኮሚት። ስህተት የሚይዘው ክፍል ውስጥ ሮልባክ፣ «ፋይናሊ» ውስጥ ደግሞ «ሰትአውቶኮሚት(ትሩ)»። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሮልባክ ሳትሉ ትሩ ካላችሁ የተበላሸው ሥራ ይጸናል። ኮኔክሽን ፑል (የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ይዞ በተራ የሚያውስ) የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ ትሩ መመለሱን እንዳትረሱ። ብዙዎቹ ፑሎች ራሳቸው ይመልሱታል፤ የማይመልስ ከገጠማችሁ ግን የሚቀጥለው ተጠቃሚ ሳያውቅ የጠፋ አውቶኮሚት ይወርሳል።

ፒኤችፒ ላይ የዳታቤዝ መገናኛው በሆነው በፒዲኦ «ቢጊንትራንዛክሽን()» ብሎ መጀመር በቂ ነው። ኮሚት ወይም ሮልባክ ሲባል አውቶኮሚት ራሱ ይመለሳል።

በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ኢሜይል መላክ፣ የሌላ ሰርቨር መልስ መጠበቅ ወይም ከሰው ማረጋገጫ መጠየቅ አይገባም። እነዚህን ከመክፈታችሁ በፊት ወይም ከኮሚት በኋላ አድርጉ።

## ችግር ሲገጥም

ስህተት 1205፣ «ሎክ ዌት ታይምአውት»። የፈለጋችሁትን ረድፍ ሌላ ሰው ይዞታል። ኢኖዲቢ በመነሻው 50 ሰከንድ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የተመለሰው ያ አንድ ትእዛዝ ብቻ መሆኑን አለማወቁ ነው። ትራንዛክሽናችሁ ክፍት ነው፣ ቀደም ያደረጋችሁትም እንዳለ ነው። አሁን ኮሚት ብትሉ ግማሽ ሥራ ይጸናል። ወይ ትእዛዙን ድገሙት፣ ወይ ሮልባክ በሉ።

ስህተት 1213፣ ዴድሎክ፤ ሁለት ትራንዛክሽኖች አንዱ የሌላውን ረድፍ ሲጠባበቁ ማለት ነው። ይህ ሙሉ ትራንዛክሽኑን ይመልሰዋል። ጥንቃቄ፦ በስታርት ትራንዛክሽን ከጀመራችሁ ከዚህ ስህተት በኋላ ትራንዛክሽን ውስጥ አይደላችሁም። ወደ አውቶኮሚት ተመልሳችኋል። የቀሩትን ትእዛዞች ዝም ብላችሁ ከቀጠላችሁ እያንዳንዳቸው ወዲያው ይጸናሉ። ከስታርት ትራንዛክሽን ጀምሩ እንጂ ከመሃል አትቀጥሉ።

ስክሪፕት ገልብጣችሁ ለጥፋችሁ መሃል ላይ ስህተት መጣ። ተርሚናሉ አይቆምም፤ የቀሩትን ትእዛዞች ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ያለውንም ኮሚት ይፈጽመዋል። ስለዚህ በምትለጥፉት ጽሑፍ ውስጥ ኮሚት አታስገቡ፤ ውጤቱን አንብባችሁ በእጃችሁ ጻፉት። ከፋይል ስታስኬዱት ግን ማይኤስኪውኤል በመጀመሪያው ስህተት ይቆማል፤ «--ፎርስ» ካላላችሁት በቀር። ፖስትግሬስ ላይ «ኦን_ኤረር_ስቶፕ» እና «--ሲንግል-ትራንዛክሽን» የሚሉትን አብራችሁ ስጡት።

«ሰርቨር ሃዝ ጎን አዌይ» ብሎ እንደገና ተገናኘ። የማይኤስኪውኤል ተርሚናል ሲቋረጥ ራሱ ሊገናኝ ይችላል። የተገናኘው ግን አዲስ ኮኔክሽን ነው። ያልተጸናው ሥራችሁ ተመልሷል፣ አውቶኮሚትም ወደ 1 ዞሯል። ሳታዩት ከቀጠላችሁ የጥንቱ ችግር ውስጥ ገባችሁ። ለከባድ ሥራ ተርሚናሉን «--ስኪፕ-ሪኮኔክት» ብላችሁ ክፈቱት፤ ሲቋረጥ ይነግራችኋል እንጂ በራሱ አይመለስም።

ሁሉም ነገር ቆሟል፣ ማን እንደያዘው አይታወቅም። «ሰሌክት * ፍሮም ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ኢኖዲቢ_ቲአርኤክስ;» ብላችሁ ክፍት ትራንዛክሽኖችን አውጡ። የተጀመረበትን ሰዓት እዩና ከሁሉ የቆየውን ፈልጉ። እዚያው ላይ የኮኔክሽኑ ቁጥር አለ። ባለቤቱን ማግኘት ከተቻለ እሱው ይዝጋው። ካልተቻለ «ኪል» ከቁጥሩ ጋር። ሥራው ይመለሳል። ፖስትግሬስ ላይ «ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ» ውስጥ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚሉትን ፈልጉ። እነዚህ ሎክ ከመያዛቸውም በላይ ቫኪዩም የሞቱ ረድፎችን እንዳያጸዳ ይከለክላሉ። «አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት» የሚለው ከስሪት 9.6 ጀምሮ አለ፤ መነሻው 0 ስለሆነ ግን ካላበራችሁት አይሠራም።

ሮልባክ ብላችሁ አላልቅ አለ። ሚሊዮን ረድፍ የነካ አፕዴት ሲመለስ ከሠራበት ጊዜ በላይ ሊወስድ ይችላል። ጠብቁት። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት አያሳጥረውም፤ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እስኪጨርስም እነዚያን ረድፎች ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ አይነቱን ሥራ በ5,000 ወይም በ10,000 ረድፍ ከፋፍላችሁ፣ በየክፍሉ ኮሚት እያላችሁ ሥሩት።